ሠንጠረዡ በስልክ እንዲነበብ

ጅማ ውስጥ ቡና የሚነግድ ሰው ቢሮው ኪሱ ውስጥ ነው። የአጋሮውም የጌራውም መረጃ በቴሌግራም ይመጣለታል፤ የሚከፍተው በስልኩ ነው። ፋይሉን ያዘጋጀው ሰው ግን የተቀመጠው ሰፊ ኮምፒውተር ፊት ነው።

ባለፈው የእሸት ሰሞን አንድ አቅራቢ ወዳጄ የተላከለትን የርክክብ ሠንጠረዥ አሳየኝ። 14 ዓምድ አለው። ክፍያውን ለማየት ወደ ጎን ሲገፋው የገበሬው ስም ይጠፋል። ወደ ስሙ ሲመለስ ክፍያው ይጠፋል። መስመሩን በጣቱ ሲከተል አንድ ረድፍ ዝቅ አለና የአንዱን ሂሳብ ለሌላው አነበበ። ደግነቱ ብሩ ሳይወጣ ደረስንበት። ጥፋቱ የወዳጄ አይደለም፤ የሠንጠረዡ ነው።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ፊደሉን ያሳንሳል። እኔ አጥብቄ እቃወማለሁ። የሚቀነሰው ፊደል ሳይሆን ዓምድ ነው። በዚያ ፋይል ክልል፣ ዞንና ወረዳ ሦስት ዓምድ ይዘዋል፤ ከላይ እስከ ታች "ኦሮሚያ፣ ጅማ፣ ጎማ" ብቻ። ርዕሱ ላይ አንዴ ቢጻፍ ይበቃል። "ኪሎ" እና "ብር"ም በየቁጥሩ ጎን ከሚደጋገሙ ዓምዱ ራስ ላይ ይቀመጡ።

ስም ላይ ግን ቁጠባ አያዋጣም። በአንድ ቀበሌ ስሙም የአባቱም ስም አንድ የሆነ ሰው ሞልቷል። የአያት ስም ከተቆረጠ ብሩ ለማን እንደሚሄድ አይታወቅም። ስሙ ከረዘመ በሁለት መስመር ይታጠፍ። ደግሞም የስሙ ዓምድ ይታሰር፤ ኤክሴል ላይ ፍሪዝ ፔንስ የሚባለው ለዚህ ነው። የቀረው ወደ ጎን ሲሄድ ስሙ ቦታውን አይለቅም። ቁጥሮች በቀኝ ጠርዝ ይሰለፉ፤ 85 እና 1,085 ከላይና ከታች ሲሆኑ ልዩነቱ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል።

አፕ የሚሠሩ ልጆች እያንዳንዱን ረድፍ ለብቻው ካርድ ማድረግ ይወዳሉ። የአንድ ገበሬን ዝርዝር ለማየት ጥሩ ነው። የ40 ሰው ኪሎ ለማወዳደር ግን አይሆንም። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ 2.1 እንኳ ጽሑፍ በ320 ፒክስል ስፋት፣ ማለትም በጠባብ የስልክ ስክሪን፣ ወደ ጎን ሳይገፋ እንዲነበብ ሲጠይቅ፣ የመረጃ ሠንጠረዥን ከዚህ ነፃ አድርጎታል።

የወዳጄን ፋይል አብረን አስተካከልነው። የመጀመሪያው ሺት ላይ የቀሩት ስም፣ ቀን፣ ኪሎ፣ ዋጋና ክፍያ ብቻ ናቸው። የተረካቢው ስምና የመኪናው ታርጋ ሁለተኛው ሺት ላይ ናቸው፤ የሚፈልጋቸው እዚያ ያገኛቸዋል።