ለእስማኤል መርዶውን ማን ነገረው?

ባለፈው ሰንበት ጠዋት ምኩራብ ውስጥ፣ የሳምንቱ የኦሪት ንባብ (ፓራሻ) ሐዬ ሣራ ተነቦ እንዳበቃ አንድ ወጣት እጁን አወጣ። ገና ከሚሉዊም፣ ከእስራኤል ጦር የተጠባባቂነት አገልግሎት የተመለሰ ልጅ ነው። «ይሄ የጋዛ ተኩስ አቁም ይዘልቅ ይሆን? ፓራሻው ምን ይለናል?» አለ። ሰባኪው አላስጨረሱትም። «ፓራሻ ሌላ፣ ዜና ሌላ። ሰላም የፖለቲከኞች ወሬ ነው፤ እዚህ አይገባም» አሉት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። እኔን ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ዜና ምኩራብ አይገባም? በኦክቶበር 2023 ጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁ «አማሌቅ ያደረገብህን አስብ» የሚለውን የኦሪት ቃል ለጦርነቱ ሲጠቅሱ፣ እኚሁ ሰባኪ የጥንቱን የእስራኤል ጠላት አማሌቅን ከጋዛ ጋር እያያዙ ሲሰብኩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያኔ ዜና አልነበረም? ኦሪት ለጦርነት ሲሆን የዛሬ ቃል፣ ለሰላም ሲሆን የጥንት ታሪክ የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው?

እስቲ ወደ ፓራሻው እንመለስ። አብርሃም በ175 ዓመቱ ሞተ። ይስሐቅና እስማኤል ኬብሮን፣ ዋሻው ውስጥ ቀበሩት። አብረው። እስማኤልን ከዚያ በፊት ያየነው ከእናቱ ጋር ወደ በረሃ ሲባረር ነው፤ ስንቃቸው እንጀራና አንድ አቁማዳ ውኃ። ዓመቱን ቁጠሩት። በቀብሩ ቀን እስማኤል 89፣ ይስሐቅ 75 ዓመታቸው ነው። ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንድ ቃሬዛ።

ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። መርዶውን ማን ነገረው? የሆነ ሰው በረሃውን አቋርጦ «አባትህ ሞቷል፣ ና» ብሎታል። የላከው ደግሞ ይስሐቅ ነው። ሌላ ማን ይልካል? ኦሪት አልጻፈውም፤ እኛ ግን እናውቀዋለን። የተጣላ ወንድም መርዶ ካልተላከለት ቂሙ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ከተላከለት ይመጣል። ደረቱን እየመታ ይመጣል። ጎንደር ያደጉ እናቶቻችንን ጠይቁ፤ ስንቱ ደም የተቃባ ቤተሰብ ለቅሶ ቤት ተገናኝቶ ታርቋል። መጀመሪያ ግን አንድ ሰው መላክ አለበት። የሚልከው ደግሞ ቤቱ የቀረው ልጅ ነው።

«እስማኤል እኮ ንስሐ ገብቶ ነው» ይሉኛል። ሊቃውንቱ ብለዋል፣ አዎ። ታዲያ ንስሐ የገባ ሰው መምጫ መንገድ አያሻውም?

የሆነብንን አልረሳሁም። እኛም ልጆቻችንን ቀብረናል። ሐማስ ይዞት የነበረው ልጃችን አበራ መንግሥቱ ግን ከ10 ዓመት በላይ ጋዛ ቆይቶ በፌብሩዋሪ 2025 ለቤቱ የበቃው በስምምነት ነው። የዚያን ቀን እልል ስንል «ይሄ ፖለቲካ ነው» ብሎ አፋችንን የያዘ ሰባኪ አላየሁም።

ሐሙስ የእኛ የቤተ እስራኤል በዓል፣ ስግድ ነው። ቄሶቻችን ጃንጥላቸውን ዘርግተው ኢየሩሳሌም፣ አርሞን ሃናጺቭ ላይ ይቆማሉ። ጃባል ሙካበር እዚያው ጎረቤት ነው፤ የእስማኤል ልጆች፣ የአረቦች ሰፈር። ያ ወጣት ከመጣ አጠገቡ እቆማለሁ። ጥያቄውንም እዚያው፣ ቄሶቹ ፊት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ድጋሚ እንዲጠይቅ እነግረዋለሁ።