ሳይቸግር ኮንሶል ብድር

የዘመናችን ጀግና ጦር አይወረውርም፣ ኮንሶል (የቪዲዮ ጌም መጫወቻ ማሽን) ይቀይራል። አሮጌው ገና እየሠራ፣ ኪሱ እየሳሳ፣ ቴሌቪዥኑ ዕድሜ ጠግቦ ሳለ «አዲሱን ትውልድ ካልያዝኩ» ብሎ ቆርጦ ይነሣል። አባቶች «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት እሱን ሳያዩ ነው፤ ቢያዩት ኖሮ ጤፉን ትተው ጆይስቲክ ይሉ ነበር። ባዶ ኪስ የማይበግረው ልብ በየቀኑ አይገኝምና ይህ ለእሱ የቀረበ ውዳሴ ነው።

ጀግንነቱ የሚጀምረው ምክንያት ከመፈለግ ነው። ፕሌይስቴሽን 4 ሲበራ እንደ አውሮፕላን ካጓራ «አርጅቷል» ተብሎ ወዲያው ይፈረድበታል። ፈሪዎች እዚህ ላይ ያሳፍራሉ፤ ከመፍረዳቸው በፊት ይከፍቱታል። ገመዱን ይነቅላሉ፣ መሐሉ ቀዳዳ ባለው ቲ8 በሚባለው ባለኮከብ መፍቻ ብሎኖቹን ይፈታሉ፣ ከዚያ የማራገቢያውን ክንፍ በስቴኪኒ ይዘው የታመቀ አየር በአጭር በአጭሩ ይነፉበታል። ክንፉን የሚይዙት አየሩ ከልክ በላይ አሽከርክሮ ኩሽኔታውን እንዳይጎዳው ነው። አቧራው ወጥቶም ጩኸቱ ካልቀነሰ ወደ ታች ይወርዳሉ። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል ያለው ቴርማል ፔስት ከዓመታት በኋላ እንደ ጭቃ ይደርቃል፤ ሙቀቱ ወደ ብረቱ አልሻገር ሲል ማራገቢያው ያንን ለማካካስ ይጮኻል። የደረቀውን 90 ከመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ጠርገው፣ የአተር ፍሬ የምታክል አዲስ ጠብታ አድርገው ይገጥሙታል። ዕቃውን ሲመልሱት ደግሞ ከግድግዳው ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ያርቁታል። ይህ ሁሉ ውርደት ለአንድ ጌም የሚከፈለውን እንኳ አይፈጅም። ጀግናችን ግን አቧራ ነክቶ እጁን አያረክስም፤ ለአቧራው ሲል ሙሉ ኮንሶል ይገዛል።

(ጀብዱውን ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ሊደግም ለሚያስብ አንድ ማሳሰቢያ፦ እዚያ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ብረት ነው። ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ከቦታው ከፈሰሰ ቦርዱን ይገድላል። አቧራው ከላይ ይጠረግ እንጂ ማቀዝቀዣው አይነሣ።)

ሁለተኛው ምክንያት ዝግታ ነው። ጌሙ እስኪከፈት ተጫዋቹን እንቅልፍ ይወስደዋል። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4 እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ የያዘው በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞር ባለ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ነበር፤ የዝግታው ትልቁ ምንጭም እሱ ነው። ፈሪዎች አሁንም አያፍሩም። ውፍረቱ ከ9.5 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ (የሚዞር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ፈልገው ይቀይሩበታል። በመጀመሪያው ሞዴል ላይ ያለው ግንኙነት ሳታ 2 የሚባለው ቀርፋፋው ስለሆነ ውዱን ኤስኤስዲ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ ርካሹ ይበቃል። አስቀድመው ሴቫቸውን (ጌሙ የት እንደደረሰ የያዘውን ፋይል) በፍላሽ ያወጣሉ። ቀጥለው ሌላ ፍላሽ በኤክስፋት ወይም በፋት32 ፎርማት አድርገው ሲስተሙን ይጭኑበታል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፦ የሚያስፈልገው 1 ጊጋባይት ገደማ የሆነው ሙሉ መጫኛ ፋይል ሆኖ ሳለ ግማሽ ያህል የሚመዝነውን ማሻሻያ አውርዶ «ፋይሉ አልተገኘም» ሲባል ዲስኩን ይሰድባል። የፎልደሮቹና የፋይሉ ስም በትልልቅ ፊደላት በትክክል ካልተጻፈም ውጤቱ ያው ነው። ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ሁለተኛው ጢጥ እስኪሰማ ለ7 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ሴፍ ሞድ የሚባለው የጥገና ገጽ መግባት፣ ጆይስቲኩን በገመድ ማገናኘት፣ ሲስተሙን እንደ አዲስ የሚጭነውን 7ኛውን ምርጫ መጫን ነው። ገመዱ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ዓይነት ከሆነ ስክሪኑ ላይ ሲለማመጡ ይመሻል።

ጀግናችን ይህን ሁሉ ንቆ አዲሱን ፕሌይስቴሽን 5 ይዞ ገብቷል። ሣጥኑ ተከፈተ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ኮንሶሉ ከቴሌቪዥኑ ጋር ተገናኘ። የቴሌቪዥኑ የምስል ጥራት 1080 ነው፤ በሰከንድ ከ60 ምስል በላይ ማሳየት አይችልም። የ4ኬ (የ1080ን አራት እጥፍ ነጥብ የያዘ ምስል) እና የ120 ሄርዝ (በሰከንድ 120 ምስል) ገንዘብ የተከፈለው እንግዲህ ለዚህ ስክሪን ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። እርግጥ የጌሙ አከፋፈት ፍጥነትና ፍሬሙ 1080 ላይም ይታያል፤ በሰከንድ 30 ፍሬም ማለት በየ33 ሚሊ ሰከንዱ አንድ ምስል፣ 60 ማለት ደግሞ በየ17 ነውና ልዩነቱ ከዓይን ይልቅ በጣት ይታወቃል። ግን ጀግናችን የሚጫወተው ምንድን ነው? ኳስ። የኳሱ ጌም ደግሞ በአሮጌው ላይም ከድሮ ጀምሮ በ60 ፍሬም ነበር የሚሮጠው። ጣቱ የዘገየበት ቴሌቪዥኑ ምስሉን ለማሳመር ሲፈተፍት ጊዜ ስለሚበላ ነው። መድኃኒቱ ሪሞቱ ላይ አለ፤ ጌም ሞድ ይባላል፣ ዋጋው ዜሮ ነው። ዜሮ የሚከፈልበትን ነገር ግን ጀግና እንዴት ይነካል?

4ኬ ቴሌቪዥን ያላቸውም ከክብሩ አልተነፈጉም። በብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ የኤችዲኤምአይ መግቢያው ሙሉ ዐቅም ከሴቲንግ ካልተከፈተ በስተቀር 4ኬና ኤችዲአር (ብርሃንና ቀለምን የሚያሰፋው) አብረው አይመጡም። ለ4ኬ 120 ደግሞ ኮንሶሉም ቴሌቪዥኑም ገመዱም ኤችዲኤምአይ 2.1ን መቻል አለባቸው። ኮንሶሉ ምን እየላከ እንደሆነ በራሱ ሴቲንግ ውስጥ በግልጽ ተጽፏል። ማን ያነባል!

ከሁሉም የሚያስደንቀው ግን የሞዴል አመራረጡ ነው። ጀግናችን በጀት አስታወሰኝ ብሎ ዲስክ ማጫወቻ የሌለውን ርካሹን ወሰደ። መደርደሪያው ላይ ዓመታት የሰበሰባቸው ዲስኮች ተደርድረዋል። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የመጣው ፕሌይስቴሽን 5 ስሊም ላይ ማጫወቻ ለብቻው ተገዝቶ ይገጠማል፤ ሲገጠም ግን ለማረጋገጫ አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ይጠይቃል። በ2024 የመጣው ፕሮ ከሁሉ ውዱ ሆኖ ሳለ ያለ ማጫወቻ፣ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት እግርም ሳይኖረው ነው የሚሸጠው። ጀግንነትን የሚያውቅ ፋብሪካ ማለት ይህ ነው። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ላይማ ማጫወቻ ጨርሶ አይገጠምም። ለ1080 ስክሪንና ለጠባብ ኪስ ግን ከሱ የሚሻል ጥቂት ነው፤ ያረጁ ዲስኮች እስካልኖሩ ድረስ። ማጫወቻ የሌለው ሰው ያገለገለ ዲስክ ገዝቶ፣ ተጫውቶ፣ መልሶ መሸጥ እንደማይችልም ይወቅ። በሁለት ዓመት ውስጥ ርካሹ ሞዴል ውድ የሚሆነው በዚህ በኩል ነው።

ስለ ቦታ ደግሞ እንዲህ ሆነ። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 5 ሣጥን ላይ 825 ጊጋባይት ይላል፤ ለተጠቃሚው የሚተርፈው 667 ነው። ሲሪስ ኤስ 512 ይላል፤ የሚተርፈው 364። አንዳንድ ጌም ብቻውን ከ100 በላይ ይበላል። ጀግናችን የድሮውን የውጭ ሃርድ ዲስክ ሰካና ተኩራራ። የፕሌይስቴሽን 4 ጌሞች ከሱ ላይ ይሮጣሉ፤ የ5 ጌሞች ግን እዚያ ይቀመጣሉ እንጂ አይጫወቱም። ለእነሱ ኤም.2 ኤንቪኤምኢ የሚባለው፣ ውስጥ የሚሰካ ፈጣን ኤስኤስዲ ያስፈልጋል፦ ፒሲአይኢ ትውልድ 4፣ ቢቻል በሰከንድ 5500 ሜጋባይት የሚያነብ፣ ሙቀት ማስወገጃ ያለው፣ ከነማስወገጃው ቁመቱ ከ11.25 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ። ሱቅ ውስጥ ርካሽ ሆኖ የተገኘው ትውልድ 3 ከሆነ ኮንሶሉ አይቀበለውም። በ2025 የወጣው ኒንተንዶ ስዊች 2 ደግሞ ለጌም የሚቀበለው ማይክሮ ኤስዲ ኤክስፕረስ የሚባለውን ካርድ ብቻ ነው፤ የድሮው ካርድ ለፎቶ ማሳያ ይሁን።

ፈሪዎች ግን ወረቀት ያወጣሉ። የኮንሶሉን ዋጋ ይጽፉና ከሥሩ ሁለተኛ ጆይስቲክ (የፕሌይስቴሽን 4ቱ 5 ላይ የሚሠራው ለ4 ጌሞች ብቻ ነው)፣ ኤስኤስዲ፣ የአንድ ዓመት የኦንላይን ክፍያ፣ ሁለት ጌሞች ይደምራሉ። ክፍያውን የሚጽፉት ኦንላይን ስለሚጫወቱ ብቻ አይደለም፤ የፕሌይስቴሽን 5 ጌም ሴቭ እንደ ድሮው አንድ በአንድ በፍላሽ አይገለበጥም፣ ደመና (የኩባንያው የኢንተርኔት ማከማቻ) ላይ የሚቀመጠውም ለከፋይ ነው። ከዚያ ድምሩን አሮጌው ላይ በማይገኙ፣ በእርግጥ በሚጫወቷቸው ጌሞች ቁጥር ያካፍላሉ። ቁጥሩ ሁለት ከሆነ እያንዳንዱ ጌም ከግማሽ ኮንሶል በላይ ዋጋ አለው ማለት ነው። ስድስት ሰባት ከሆነ፣ ስክሪኑም 4ኬ ከሆነ፣ ገንዘቡም ከብድር ካልመጣ፣ እነዚህ ሰዎች ያለ ምንም ጭብጨባ ሄደው ይገዛሉ። እንዴት ያለ ደረቅ ሕይወት ነው!

ጀግናችን አንድ ነጥብ ላይ ግን ፈሪዎቹን በልጧል። «ዕቃ ሲቆይ ይረክሳል» ብለው የጠበቁት ሰዎች ጠብቀው ቀርተዋል። የቀድሞ ኮንሶሎች ዕድሜ ሲጨምሩ ዋጋቸው ይወርድ ነበር፤ ፕሌይስቴሽን 5 ግን እ.ኤ.አ. በ2022 በብዙ አገሮች ዋጋው ጨመረ። በ2020 ቸኩሎ የገዛ ሰው ትክክል ሆኖ ተገኘ። ጀግናችን ይህን አንድ ምሳሌ ይዞ ዕድሜ ልኩን ይከራከርበታል።

የድሮውን የሸጠው በችኮላ ነው። ከአካውንቱ ሳይወጣ፣ ዋና ኮንሶልነቱን ሳይሰርዝ፣ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ሳያጠፋ። ሙሉ ማጥፋት ሰዓታት ይወስዳል፤ አንድ ጀግና ደግሞ ሰዓታት የለውም። ዕድል ሆኖ ገዢው ጨዋ ነው፤ ሁሉንም ራሱ አጥፍቶ ከፈተው፣ አቧራውን አወጣ፣ የአተር ፍሬ የምታክል ቅባት አደረገ፣ ርካሽ ኤስኤስዲ ገጠመ።

በዚያው ምሽት ጀግናችን ማጫወቻውን ለብቻው ገዝቶ ገጥሞ የድሮውን የኳስ ዲስክ ከተተበት፤ ለአዲሱ የሚከፍለው አልቀረውማ። ዲስኩ የ4 ስለሆነ አዲሱ ኮንሶልም የ4ን ጌም አጫወተ፣ ኦንላይንም ከባለ 4ዎቹ ጋር አገናኘው። ተጋጣሚው ገዢው ነበር። 4 ለ 0። «ጆይስቲኩ ነው» አለ፣ ወዲያው ውዱን ጆይስቲክ መፈለግ ጀመረ።