በሞቴ ተቀመጥ

ደሴ ላይ ሳይክል መያዝ ራሱ ቀልድ ነው። ከተማው ጦሳ ተራራ ሥር ተንጠላጥሎ የተሠራ ነው። አንድም ዳገት ነው፣ አንድም ቁልቁለት። ስትወጣ ትገፋለህ፣ ስትወርድ ትጸልያለህ። ሜዳ የሚፈልግ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ይሂድ። ልጄ ግን ይህን ሁሉ አልሰማም። ዕቃ ቤት ገብቶ ከአሮጌ መሶብ ጀርባ የእኔን የልጅነት ቢኤምኤክስ ሳይክል ጎትቶ አወጣ።

ክሮም ቸርኬዎቿ ዝገዋል። ጎማዎቿ እንደ ሰነበተ ቂጣ ተሰነጣጥቀዋል። «አባዬ፣ አዲስ ጎማ ብቻ ነው የሚያስፈልጋት» አለኝ። ብቻ! ይቺ ቃል ስንት ሰው ዕዳ ውስጥ ከትታለች።

ሱቅ ሄጄ «የሃያ ኢንች ጎማ» አልኩ። ባለሱቁ «ሃያ ነው» ብሎ ሰጠኝ። እውነትም ሃያ ይላል። ቤት አምጥቼ ስገጥመው ግን ቸርኬው ላይ እንደ ተውሶ ሱሪ ይንሸራተታል። ለካ ሃያም ሃያ አይደለም። ጎማው ጎን ላይ በደቃቁ የተጻፈች ሌላ ቁጥር አለች። የአብዛኛው ቢኤምኤክስ 406 ነው። እኔ የገዛሁት 451 ይላል። ቁጥሯ ጎማው ቸርኬው ላይ የሚያርፍበት ክብ ከዳር እስከ ዳር ስፋቱ ናት፣ በሚሊ ሜትር። ልመልሰው ስሄድ ባለሱቁ «ሁለቱም እኮ ሃያ ናቸው፣ ጋሼ» አለኝ። ስማቸው አንድ ነው ተብሎ የአንዱ ጫማ ለሌላው ይሆናል እንዴ? ለነገሩ ቀየረልኝ፤ አላማርርም።

ትክክለኛውን ጎማ አስገባሁ፣ ነፋሁ። አልቀመጥ አለ። ቫልቩ አጠገብ ጎድጉዷል። በማዶ በኩል ደግሞ ከሰዓት በኋላ እንደሚታይ የጫት ጉንጭ አብጧል። ጎማ ላይ ዙሪያውን የምትዞር ቀጭን መስመር አለች። በደንብ ለተቀመጠ ጎማ ይህቺ መስመር ከቸርኬው ጠርዝ ዙሪያውን እኩል ትርቃለች። የእኔዋ አንድ ቦታ ጭራሽ ጠፍታለች፤ ሌላ ቦታ ጣት ሙሉ ወጥታለች። ልጁ አላስችል ብሎት እንዲሁ ነዳት። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ባቲ ይሁን አምባሰል ቅኝቱ አልለየለትም።

በር ላይ ቁጭ ብዬ ገለበጥኳት። ስህተቴ እሱ ነበር። እኛ ሰፈር ዕቃ ይዞ በር ላይ ያጎነበሰ ሰው ብቻውን አይቀርም። አንዱ «በማንኪያ ፈልቅቀው» አለ። ሌላው «ፀሐይ ላይ አስጣው» አለ። ሦስተኛው «ይሄ ቻይና ነው፣ አይሆንም» ብሎ ሄደ። ከመጡት ሁሉ የሄደው እሱ ብቻ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ረከቦታቸውን ይዘው ወጡ። ጎማው ሳይቀመጥ ሰዉ ሁሉ ተቀመጠ።

በአቦል ላይ አንድ ጎረምሳ ተነሣ። «ስጠኝ ወንድምዬ፣ ይሄን የሚያስቀምጠው የኮምፕሬሰር ንፋስ ነው» ብሎ ቸርኬዋን አንጠልጥሎ የከባድ መኪና ጎማ ወደሚነፋበት ወሰዳት። ጎማው ላይ «እስከ 65 ፒኤስአይ» ተብሎ የንፋስ ግፊት ልኩ ተጽፏል። ለከባድ መኪና ነፊ 65 ማለት ሰላምታ ነው። የአሁን ቸርኬ ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፎ ጎማውን ይነክሳል። የድሮው ቀጥ ያለ ግድግዳ ነው፤ የሚይዝበት ጥርስ የለውም። ንፋስ ሲበዛበት ጎማው ይዘላል፣ ካላማዳሪው በክፍተቱ ይወጣል።

ዷ!

እናቶች ከየበሩ ብቅ አሉ። ጎማ ነው ሲባል «አልሐምዱሊላህ» እና «ተመስገን» ከግራና ከቀኝ እኩል ተሰማ። ጎረምሳው የተቀዳደደ ካላማዳሪ ይዞ ተመለሰ። «ተቀምጦ ነበር እኮ» አለ።

በቶና ላይ ነው ዕድሜያቸውን በጎሚስታነት የጨረሱት አዛውንት አፋቸውን የከፈቱት። እስከዚያ ስኒያቸውን ይዘው ዝም ብለው ያያሉ። አዲስ ካላማዳሪ አስመጡና «ልጄ፣ እንግዳ እንዲህ ነው እንዴ የሚቀመጠው?» አሉኝ።

ነገሩ ገባኝ። እኛ ዘንድ የተከበረ እንግዳ «ቁጭ በል» ስለተባለ አይቀመጥም። «ግድ የለም፣ እዚሁ በሩ ጋ ይበቃኛል» ይላል። ሊሄድ አይደለም፤ ሊለመን ነው። «በሞቴ» ይባላል፤ ትንሽ ጠጋ ይላል። «አፈር ስሆን» ይባላል፤ ጋቢውን ይሰበስባል። ክንዱን ይዘህ ከጎተትከው ግን ሰርጉ ላይ የተቀየመ ዘመድ ተረፈህ።

አዛውንቱ መጀመሪያ የቸርኬውን ዝገት በጨርቅ ጠረጉ። ካላማዳሪው ቅርፅ እንዲይዝ ብቻ ጥቂት ነፉበት። ጎማውን ካስገቡ በኋላ ቫልቩን በአውራ ጣታቸው ወደ ውስጥ ገፋ አደረጉት። እዚያ ቦታ ካላማዳሪው ከጎማው ጠርዝ ሥር ይወተፋል፤ የጎደጎደው በሱ ነው። ከዚያ ላርጎ በውሃ በጥብጠው ጠርዙን ዙሪያውን ቀቡት። ትንሽ ነፉ። ያበጠውን በመዳፋቸው ወደ ውስጥ መለሱ፣ የሰመጠውን በአውራ ጣታቸው ሳቡ። ንፋሱን አስወጡ። እንደገና ቀቡ፣ እንደገና ነፉ። እያንዳንዱን ጊዜ በለሆሳስ አንድ ነገር ይላሉ። ዱኣ ይሁን ስድብ አልሰማሁም።

በሦስተኛው «ቱቅ» አለ። ትንሽ ቆየና በማዶ በኩል «ቱቅ»። ቸርኬዋን አንሥተው አሽከረከሯት። ያቺ ቀጭን መስመር እንደ ክር ቀጥ ብላ ዞረች። እትዬ እልል አሉ፤ ለምን እንደሆነ እንኳ የገባቸው አይመስለኝም።

ልጄ በዚያ መሀል ስልኩን ይዞ ያስተምረናል። ቢኤምኤክስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሞተር ሳይክል እሽቅድምድምን በሚኮርጁ ልጆች ተጀመረ፣ በ2008 ቤጂንግ ላይ ኦሊምፒክ ገባ። «እዚያም በቡና ነው የሚያስቀምጡት?» ብለው አዛውንቱ ጠየቁት። መልስ አጣ።

በረካ ተጠጣ፣ ተመረቀ፣ ተነሣን። አዛውንቱ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ሳይክሏን አንድ ጊዜ አዩዋት።

«የኋላውንስ?» አሉ።

ሁላችንም አየነው። እንዳበጠ ነው።

«በሉ ነገ ቡና አፍሉና ጥሩኝ» አሉ።