ድህነትን በቴሌቪዥን የሚለካ ሹም

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ ለከተማ ድሆች ድጋፍ ስለሚሰጠው የከተማ ሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ምልመላ የተጠየቁ አንድ ኃላፊ፣ «ቤቱ ቴሌቪዥን አስቀምጦ፣ ስማርት ስልክ ይዞ ድሃ ነኝ የሚል ሰው ሊያፍር ይገባዋል» ብለው ሲያበቁ መስፈርታቸውን «ሳይንሳዊ» ሲሉ አሞካሹት። አወያዩም ፈገግ ብሎ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ አለፈ።

የትኛው ሳይንስ ነው? የሳሎን ዕቃ ቆጥሮ የቤተሰብን ደረጃ መመደብን አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ስቱዋርት ቻፒን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሞክሮታል። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሶሲዮሎጂስቶች ግን ትምህርትን፣ ሙያንና ገቢን አጣምረው ማየትን መረጡ፤ ኦቲስ ደንካን እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣው መለኪያ የሙያዎችን ደረጃ ያሰላው ከባለሙያዎቹ ትምህርትና ገቢ ተነሥቶ ነበር። ኃላፊው ዘጠና ዓመት ወደ ኋላ ተመልሰው ነው ሳይንስ ያገኙት።

«ቤት ለቤት የሚካሄደው አገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳስ ቴሌቪዥን ይቆጥር የለም?» የሚል አይጠፋም። ይቆጥራል። ነገር ግን ቴሌቪዥኑን ከወለሉ፣ ከመጸዳጃው፣ ከመጠጥ ውኃው፣ ከከብቱና ከሌላውም ጋር አዳምሮ፣ ለእያንዳንዱ ክብደት ሰጥቶ፣ ቤተሰቦችን እርስ በርስ አወዳድሮ በአምስት እርከን ይከፍላል እንጂ በአንድ ዕቃ ማንንም ሀብታም አይልም። ከዚህም በላይ፣ መብራትና የቧንቧ ውኃ ከከተማው ጋር የሚመጡ በመሆናቸው፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ሲሰላ አብዛኛው ከተሜ ከላይኛው እርከን ላይ ይከማቻል፤ የቀበሌ ቤት ተከራይና የፎቅ ባለቤት አንድ ረድፍ ይሰለፋሉ። እንግዲህ መለኪያው የከተማን ድሃ ከከተማ ባለጸጋ ለመለየት እጅግ የሚደክምበትን ቦታ መርጠው ነው ኃላፊው «ሳይንስ» የሚሉን!

ሰው ቤት ልብስ አጥባ የምታድር እናትን እንውሰድ። አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀምበት ግቢ፣ በጭቃ ቤት ውስጥ፣ ዳንቴል የለበሰ አሮጌ ቴሌቪዥን አላት። መስታወቱ የተሰነጠቀው ስልኳ በእቁብ ብር የተገዛ ሲሆን፣ አሠሪዎቿ የሚጠሯት በእርሱ፣ የቀን ሒሳቧም የሚገባው በቴሌብር ነው። ስልኩን ብትሸጠው መስፈርቱን ታሟላለች፤ ሥራዋን ግን ታጣለች።

የምልመላ ቅጹ ቋሚ ሥራ መኖሩን፣ የወር ኪራዩን፣ በአንድ ገቢ ስንት አፍ እንደሚተዳደር ይጠይቅ። ቴሌቪዥኑንም ካልጻፍኩ የሚል መልማይ ካለ ይጻፍ፤ ቢሸጥ ቤተሰቡን ስንት ቀን እንደሚያበላ ግን አብሮ ይመዝግብልን።