ቅዱስ ቁርባን ይዞ ስልክ ማንሳት

እኛ ኮዬ ፈጬ ያለን ካቶሊኮች ሰሞኑን በተገናኘን ቁጥር አንድ ክርክር አለ፣ ምእመን ቅዱስ ቁርባን ማቀበል አለበት ወይስ የለበትም። አንዱ "ከካህን እጅ ካልሆነ አልቀበልም" ይላል፣ ከወላይታ ወይ ከከምባታ የመጣው ደግሞ አገር ቤት ቄስ የምናየው ስንት ጊዜ ነው፣ ካቴኪስቱ፣ ሃይማኖት የሚያስተምረው ምእመን፣ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር ብሎ ይመልሳል። እኔም ከተፈቀደላቸው አንዱ ነኝ፣ ለታመመና ለአዛውንት ቤት ድረስ አደርሳለሁ፣ እና ክርክሩ ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። ሕጉ እኮ አለ። እኛ ካቶሊኮች የላቲንና የግዕዝ የምንላቸው ሁለት የአምልኮ ሥርዓቶች አሉን፤ በላቲን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1973 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ፈቅደዋል፣ ለግዕዝ ሥርዓት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕግ ነገሩን ለጳጳሳቱ ጉባኤ ትቶታል። ሁለቱም ጋ እኛ ካህን ሲያጥር የምንገባ ነን፣ አለቀ።

ያላለቀው መንገዱ ነው።

የራሴን ልናገር። አንድ እሁድ ቅዱስ ቁርባኑን በትንሿ ዕቃ፣ ፒክስ በምንላት፣ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ጃኬቴን ዘጋሁና ባጃጅ ያዝኩ። ስልክ ጮኸ፣ የእቁብ ሰብሳቢያችን ነው፣ "ነገ አስገባለሁ አልኩህ እኮ" እያልኩ እስከ ኮንዶሚኒየሙ በር ድረስ ስጨቃጨቅ ሄድኩ። ስወርድ ጉሊት አለ፣ መቼስ ወርጃለሁ ብዬ ቲማቲም ገዛሁ። ፌስታሌን ይዤ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ።

በሩ ሲከፈት እማማ አልጋቸው ጫፍ ላይ ባዶ እግራቸውን ተቀምጠዋል፣ በርጩማው ላይ የታጠበ ነጭ ነጠላ ተነጥፏል፣ ጧፍ በርቷል፣ የልጅ ልጃቸው ቲቪውን አጥፍቶ ግድግዳው ጋ ቆሟል። "ከማታ ጀምሮ ውሃም አልቀመስኩ ልጄ" አሉኝ። ለታመመ ሰው ከቁርባን በፊት ያለው የአንድ ሰዓቱ ጾም እንኳን ግዴታ አይደለም እማማ ብላቸው "እሱን ለታመሙት ንገር!" ፌስታሉን የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

እ.ኤ.አ. በ2004 ከቫቲካን የወጣው ረዴምፕስዮኒስ ሳክራሜንቱም የሚባለው መመሪያ ለታመመ የሚያደርስ ሰው፣ ካህንም ይሁን ምእመን፣ የዓለም ጉዳዩን ትቶ በቀጥታ ወደ በሽተኛው ይሂድ ይላል። ሥልጠና ላይ ተነግሮን ነበር፣ እኔ ግን የገባኝ ቲማቲም ይዤ ነው።

ስለዚህ አሁን ስልኬን ቤት ትቼ ነው የምወጣው፣ ባጃጅም ኮንትራት እይዛለሁ። በሽተኛው መዋጥ ካቃተው ወይ ሆስፒታል ከሄደ ቅዱስ ቁርባኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመለሳል እንጂ እኔ ቤት ቁምሳጥን ውስጥ አያድርም። ፍርፋሪ እንዳይቀር ዕቃዋን በውሃ አለቅልቆ ውሃውን መጠጣት ነው፣ ቧንቧ ስር ማፍሰስ የለም። ከባዱ ቡናው ነው። ጀበና ተጥዶ፣ ፈንድሻ ቀርቦ "ሳትቀምስ አትወጣም" ሲሉህ ገና ሁለት ቤት ይቀርሃል። ነውር ነው ይበሉኝ፣ ይዤ ቁጭ ብዬ ስለ ኑሮ ውድነት አላወራም፣ ቡና የሚያፈሉትን ቤት መጨረሻ አድርጌዋለሁ። ግን ጥፋቱ የእኛ ብቻም አይደለም፣ አንድን ሰው በአንድ እሁድ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ገላን ድረስ ስም ዝርዝር አስይዘው ሲልኩት ጸሎቱን እንደ ዕቃ ርክክብ አንብቦ መሮጡ አይቀርም፣ አባቶች ይሄንንም ይዩልን።

እማማ ግን ቲማቲሙን አይተውት ኖሯል። ተቀብለው፣ ጸልየው፣ ጧፉን ካጠፉ በኋላ ልወጣ ስል "ኪሎው ስንት ገባ?" አሉኝ።