ግልጽ ደብዳቤ፦ ለዓርብ ማታው ፎካሪያችን

ጉዳዩ፦ የሃይስኩል ፉትቦል (እግር ኳሱ ሳይሆን የአሜሪካኑ) ፉከራዎ መጠኑ እንዲቀነስልን ስለመጠየቅ

ውድ ጋሼ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከእርስዎ ፉከራ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነን።

ይህን ጉዳይ በግል ልነግርዎ አስቤ ነበር። ግን እርስዎ መች በግል ይገኛሉ? ቅዳሴ ሲያልቅ አዳራሽ ውስጥ ሰው ሰብስበው ይፎክራሉ። እድር ስብሰባ ላይ አጀንዳ ሳይነበብ ይፎክራሉ። ሀበሻ ግሮሰሪ በርበሬ ሊገዙ ገብተው፣ በርበሬውን ረስተው ይፎክራሉ። የዘመድ ግሩፑንማ ተዉት። ባለፈው መርዶ ተለጥፎ፣ ሰው ሁሉ በተራ “ነፍስ ይማር” እያለ፣ መሃል ላይ የእርስዎ ጽሑፍ ዱብ አለ፦ “42 ለ 7! አይቀጡ ቅጣት ቀጣናቸው!” የሟች ቤተሰብ ማን እንደተቀጣ እስካሁን ይጠይቃል።

እስቲ ከዚችው “ቀጣናቸው” እንጀምር። እናንተ እነማን ናችሁ? እርስዎ እንደሆኑ የተማሩት አዲስ አበባ ነው። የቴክሳስ ሃይስኩል በር የረገጡት ልጅዎን ሊያደርሱ ነው። ሄልሜት ራስዎ ላይ አርፎ አያውቅም። ያን ዓርብ ማታ የተጋጩት፣ የወደቁት፣ ጉልበታቸው ላይ በረዶ አስረው የተኙት የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች ናቸው። እርስዎ የተጎዱት ጉሮሮዎን ብቻ ነው። እሱንም በማግስቱ ዝንጅብል ሻይ ጠጥተው ተሻልዎት። “የሰው ወርቅ አያደምቅ” ሲባል የኖረው እርስዎ ቴክሳስ ሳይገቡ በፊት መሆን አለበት።

ለነገሩ የልጅዎ ትምህርት ቤት አሸንፎ የፎከሩበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነው። ስሙን አልጠራም፤ ልጆቹ ምን አጠፉ? የሚገርመኝ ቡድኑ ሲሸነፍ እርስዎ አለመሸነፍዎ ነው። አንድ ደረጃ ከፍ ይላሉ፣ በቃ። ትምህርት ቤቱ ከተሸነፈ “የኛ ዲስትሪክት” ይመጣል። ዲስትሪክቱ ከተሸነፈ “ዳላስ ነን እኮ!” ይባላል። ዳላስም ከተሸነፈች ቴክሳስ አለች። ቴክሳስ ደግሞ ሰፊ ናት፤ የሆነ ቦታ የሆነ ልጅ ሁልጊዜ እያሸነፈ ነው።

የ2018ቱን (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) የቴክሳስ ፍጻሜ አልረሳሁትም። ዲሴምበር ነው። አርሊንግተን፣ የዳላሱ ፕሮፌሽናል ቡድን ካውቦይስ የሚጫወትበት ስታዲየም። ዳንካንቪል ሃይስኩል ከሂውስተኑ ኖርዝ ሾር ሃይስኩል። ከጋርላንድ ቤትዎ ተነስቶ ዳንካንቪል ለመድረስ ዳላስን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቋረጥ ያስፈልጋል። ያን ቀን ግን ዳንካንቪሎች በእጅዎ ያሳደጓቸው የሰፈር ልጆች ሆነው ዋሉ። 36 ለ 35 እየመሩ ነው። የቀረው አንድ ሙከራ ብቻ ነው። እርስዎ አልቻሉም፤ “አለቀ! ሂውስተን ገደል ግቢ!” ብለው ለጠፉ። ኖርዝ ሾሮች ያችን የመጨረሻ ኳስ ከ45 ያርድ ላይ ወደ ሰማይ ላኳት። አንዱ ልጃቸው በተከላካዮች መሃል ቀልቦ ያዛት። 41 ለ 36። ግሩፑ ጭጭ አለ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ የእርስዎ መልእክት መጣ፦ “ያየ ይመስክር፤ እንዲህ ያለ ፉትቦል ያለው ቴክሳስ ብቻ ነው!” ከደቂቃዎች በፊት ገደል የገባችው ሂውስተን ወጥታ፣ አቧራዋን አራግፋ፣ ቴክሳስ ሆነች።

ሁለቱ ቡድኖች ከዚያ ወዲህም በ2019፣ በ2021፣ በ2022 እና በ2023 ፍጻሜ ላይ ተገናኝተዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ኖርዝ ሾር ወሰደ፣ የኋለኞቹን ሁለቱን ዳንካንቪል። በእርስዎ ሒሳብ ግን አምስቱንም ያሸነፉት እርስዎ ነዎት።

ደግሞ ስታዲየሙ! እንግዳ ከአዲስ አበባ በመጣ ቁጥር፣ ሻንጣው ሳይፈታ አለን ወደምትባለው ከተማ ይዘውት ይሄዳሉ። 18 ሺህ ሰው የሚይዝ፣ 60 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት፣ በ2012 የተከፈተ የአንድ ሃይስኩል ሜዳ። አክስታችን ከአሥራ ምናምን ሰዓት በረራ ወርደው፣ እግራቸው አብጦ፣ አጥሩን ይዘው ቆመው “ይሄ ሁሉ ለተማሪ ነው?” አሉ። እርስዎ ደረትዎን ነፍተው “ለተማሪ!” አሉ። ልክ ሲሚንቶውን ተሸክመው እንዳቀበሉ። ያልነገሯቸው ነገር ቢኖር፣ ስታዲየሙ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ኮንክሪቱ ተሰነጣጥቆ በ2014 መዘጋቱን ነው። የዚያን ዓመት ልጆቹ በሰው ሜዳ እየተጫወቱ የስቴቱን ዋንጫ በሉ፤ ለሦስተኛ ተከታታይ ዓመት። ፉከራ ከተፈለገ ይሄ እኮ ያስፎክራል። እርስዎ ግን የሙጥኝ ያሉት የተሰነጠቀውን ነው።

ለፍትሕ ያህል፣ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ያለው የአክስትዎ ልጅም ከእርስዎ አይሻልም። አፉን ሲከፍት እዚያው ካሊፎርኒያ ያለው የኮንኮርዱ ደ ላ ሳል ሃይስኩል ነው። 151 ጨዋታ በተከታታይ ማሸነፍ፣ ከ1992 እስከ 2004። ሪከርድ ነው፣ ማን ይክዳል? ግን በ2004 ሲያትል ላይ በቤልቪው ሃይስኩል 39 ለ 20 ተሸንፈው ነገሩ ማክተሙን ያነሳችሁበት ዕለት ኔትወርክ ይጠፋበታል። ኔትወርኩ ሲመለስ ሰውዬው ወደ ደቡብ ካሊፎርኒያ ወርዷል። ሳንታ አና ያለው ማተር ዴይ ይነሳል። ከዚያ ትምህርት ቤት ወጥተው በኮሌጅ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚባልበትን የሃይዝማንን ሽልማት ያገኙት ሦስቱ ይቆጠራሉ፦ ጆን ሁዋርቴ በ1964፣ ማት ላይናርት በ2004፣ ብራይስ ያንግ በ2021። እርስዎ በፕሮፌሽናሉ ኮከብ፣ በቴክሳሱ ልጅ በፓትሪክ ማሆምስ ይመልሳሉ። “የዋይትሃውስ ሃይስኩል ልጅ ነው!” ሲሉ አክስታችን ከአዲስ አበባ በድምፅ መልእክት “የፕሬዚዳንቱ ነው?” ብለው ጠየቁ። ማንም አልመለሰላቸውም፤ ሁለታችሁም ሥራ ላይ ነበራችሁ።

ሲጨንቅዎ የሚያመጡት ክስ ደግሞ የታወቀ ነው። “እነሱ የግል ትምህርት ቤት ናቸው፣ ልጅ ከየአቅጣጫው ይለቅማሉ። እኛ የምንጫወተው በሰፈር ልጅ ነው።” ጋሼ፣ ለፉትቦል ብሎ ቤት ሸጦ ሰፈር የሚለውጥ ቤተሰብ ቴክሳስ ውስጥም ሞልቷል። ያው “የሰፈር ልጅ” ነው፤ ሰፈሩ ውስጥ የገባው ባለፈው ጁላይ ነው እንጂ።

ሦስተኛዋ ፎካሪ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ያለችው እህትዎ ናት። እሷ ማሲሎን የምትባለውን የኦሃዮ ከተማ ፉትቦል ሳታነሳ አትናገርም። የማሲሎንና የካንተን ማኪንሊ ሃይስኩሎች ከ1894 ጀምሮ ይጋጠማሉ። ማሲሎን ውስጥ ወንድ ልጅ ሲወለድ ሆስፒታሉ አልጋ ላይ ትንሽ ኳስ የማስቀመጥ ልማድ ነበር። ይህንን ስታወራ ዕንባዋ ይመጣል። የራሷ ልጆች ሲወለዱ እንዲህ አልተናገረችም። ከኮሎምበስ ማሲሎን የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው፣ እሷ ረግጣው አታውቅም።

እርስዎ ለእህትዎ ያስቀመጡት መድኃኒት ቢሾፕ ሲካሞር የሚባለው ቡድን ነው። እዚህ ላይ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይሉኛል። በ2021 ኦገስት መጨረሻ ላይ ከኮሎምበስ ነኝ የሚል ቡድን በኢኤስፒኤን ቴሌቪዥን በቀጥታ እየተላለፈ ከፍሎሪዳው አይኤምጂ አካዳሚ ጋር ገጠመ። 58 ለ 0 ተገረፈ። ከሁለት ቀን በፊትም ሌላ ጨዋታ ተጫውቶ ነበር። ነገሩ ሲጣራ የልጆቹ ቡድን አለ፣ ማሊያው አለ፤ የይስሙላ የሆነው ትምህርት ቤቱ ነው። እርስዎ ያን ሳምንት ሥራ የገቡ አልመሰለኝም። እህትዎ ምን ብላ መለሰች? “እሱ የኛ አይደለም።” ይኸውልዎት! ሲያሸንፍ ሁለት ሰዓት ርቆም የኛ ነው። ሲዋረድ እዚያው ከተማ ሆኖም የኛ አይደለም።

ይሄ ክርክር የማያልቅበት ምክንያት ቀላል ነው። አገር አቀፍ የሃይስኩል ፉትቦል ዋንጫ የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዱ ስቴት የራሱን ዋንጫ ይሰጣል። ቴክሳስ ደግሞ አንድ አይበቃትም፤ በትምህርት ቤት መጠን እየከፋፈለች በየዓመቱ ቻምፒዮን በቻምፒዮን ትሆናለች። ስድስት ስድስት ልጅ እያሰለፉ የሚጫወቱ የገጠር ትምህርት ቤቶች እንኳ የራሳቸው ውድድር አላቸው። ካሊፎርኒያ ከቴክሳስ፣ ኦሃዮ ከፍሎሪዳ የሚበላለጡት ጋዜጦችና ድረገጾች በሚያወጡት የደረጃ ሰንጠረዥ ነው፤ ያ ደግሞ አንዱ ጋ ሌላ፣ ሌላው ጋ ሌላ ነው። እርስዎ የሚጠቅሱት በሳምንቱ ቴክሳስን ያስቀደመውን ነው። የኦክላንዱም የራሱን ያውቃል። ስለዚህ ማንም ተሸንፎ አያውቅም። ለእርስዎ ዓይነት ሰው ከዚህ የተሻለ ስፖርት አልተፈጠረም።

እኔ ፉከራ ጠልቼ አይደለም። ፉከራ እንጠላለን ብንል ማን ያምነናል? የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን በ1984 የተመሠረተው እዚሁ ቴክሳስ፣ ሂውስተን ነው። ከዚያ ወዲህ በየጁላዩ ከተማ በከተማ ላይ ሲፎክር ኖሯል፤ እኔም አብሬ ስጮህ ኖሬያለሁ። እዚያ ግን ቢያንስ እግር ኳሷን ያውቋታል። ፉትቦሉን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አያውቁትም። ታችዳውን ሲገባ “ጎል!” ብለው ይነሳሉ። ዳኛው ጥፋት አይቶ ቢጫ ጨርቅ ሲወረውር “ለማን ነው ቢጫው?” ይላሉ። በአራት ሙከራ አሥር ያርድ መሄድ የሚባለውን ነገር ልጅዎ በናፕኪን ላይ ሥሎ አስረድቶዎታል፤ በናፕኪኑ አፍዎን ጠረጉበት። ቴክሳስ በዚያው በ1984 ሕግ አውጥታለች፦ ትምህርት የወደቀ ተማሪ አይጫወትም። ሕጉ ለምን ትሪቢዩን ላይ የተቀመጠውን እንደዘለለው አይገባኝም።

አሁን ወደዚህ ደብዳቤ ምክንያት ልምጣ። ልጅዎ።

ግሩፑ ውስጥ ያሉት ዘመዶች ልጅዎ ፉትቦል ተጫዋች ይመስላቸዋል። እርስዎም አላረሟቸውም። ልጅዎ ማርሽ ባንድ ውስጥ ነው ያለው። ሱዛፎን ይነፋል፤ ያ ወገብ ላይ ዞሮ፣ ትከሻ ላይ አርፎ፣ አፉ ከራስ በላይ የሚከፈተው ትልቁ ጡሩንባ። ትምህርት ሳይከፈት፣ በኦገስት ሙቀት፣ የመኪና ማቆሚያው አስፋልት ላይ ያንን ተሸክሞ ሲለማመድ አይቼዋለሁ። አምስት ያርዷን በስምንት እርምጃ ነው የሚሄዷት፤ አንድ እርምጃ ብትሰፋ ሰልፉ ሁሉ ይጣመማል። ወደ ኋላም ሲሄዱ ያው ስምንት ነው፤ ዞር ብሎ ማየት የለም።

ባለፈው ዓርብ አጠገብዎ ተቀምጬ ነበር። ቡድናችን በ21 ነጥብ እየተመራ ሃፍታይም ሆነ። ባንዱ ገባ። እርስዎ ተነሱ። ልጅዎ ሜዳው ላይ ተሰልፎ ሲነፋ እርስዎ ናቾ ለመግዛት ተሰልፈው ነበር። ልጁ አንዴ ቀና ብሎ ወደኛ አቅጣጫ አየ። እጄን አወዛወዝኩለት፤ የሚፈልገው የኔን እጅ አልነበረም። ባንዱ ወጥቶ፣ ኳሱ ተጀምሮ፣ አይቡ እጅዎ ላይ እየተንጠባጠበ መጡና “ምን አመለጠኝ?” አሉ። ፊት ለፊታችን የተቀመጠው ሰውዬ “ምንም፤ ገና ነው” አለዎት። እርስዎም አመኑት።

ጋሼ፣ የባንድ ውድድር እኮ ዳኛ አለው። ነጥብ አለው። ደረጃ አለው። የስቴቱ ፍጻሜ ሳን አንቶኒዮ፣ አላሞዶም ውስጥ ነው የሚደረገው። የልጅዎ ባንድ ከሪጅን አልፎ ኤሪያ ድረስ፣ ማለት ከስቴቱ ፍጻሜ አንድ እርከን በታች ድረስ ሄዷል፤ ፉትቦል ቡድኑ በዚያው ዓመት ከዲስትሪክቱ አልወጣም። ግሩፑን ወደ ላይ እያሸሁ ፈለግኩ። ስለ ዳንካንቪል አገኘሁ። ስለ አለን ኮንክሪት አገኘሁ። ስለ ሱዛፎን አንድ መስመር የለም። “የኛ” ማለት የሚያምርብዎት ቦታ እኮ እሱ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ልመናዬ እንዲህ ነው። ፉከራውን ጨርሰው ይተዉ አልልም፤ ሐኪም እንኳ ሲጋራ በአንዴ አያስቆምም። መርዶ ላይ ግን ውጤት አይለጥፉ። እንግዳውን መጀመሪያ ምግብ ያብሉት፣ ከዚያ አለን ይውሰዱት። በሂውስተን ላይ ሲፎክሩ ጨዋታው እስኪያልቅ ይጠብቁ። ናቾውን ደግሞ ሁለተኛው ኳርተር ሳያልቅ፣ ከሃፍታይም በፊት ይግዙት፤ ያኔ ሰልፉም አጭር ነው፣ አይቡም ትኩስ ነው። የኔንም ጃላፔኞ ብዙ ያስደርጉበት።

ከሰላምታ ጋር፣
የግሩፑ ተጎጂዎች ተወካይ

ግልባጭ፦
ለኦክላንድና ለኮሎምበስ ቅርንጫፍ ፎካሪዎች (የናንተም ደብዳቤ እየተረቀቀ ነው፤ እስከዚያው አትሳቁ)