ኮልን ወይስ ኮሎኝ? ጠርሙሱስ?

በአማርኛ ዜናዎች አንዲት የጀርመን ከተማ አንዴ «ኮልን»፣ አንዴ «ኮሎኝ» ተብላ ትጻፋለች። «ኮሎኝ የፈረንሳዮች አጠራር ነው፤ ትክክለኛው ኮልን ነው» የሚሉ አሉ። ክርክሩ ውሃ አያነሳም። ሁለቱም የወጡት ከአንድ የላቲን ቃል ከ«ኮሎኒያ» ነው፤ እሱም ቢሆን ማዕረግ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ50 የሮሙ ቄሳር ቀላውዴዎስ ሚስቱ አግሪፒና የተወለደችበትን የራይን ወንዝ ዳር ሰፈር ወደ ኮሎኒያ፣ የሮም ዜግነት መብት ወዳለው ከተማ፣ ከፍ አደረገው። ሙሉ ስሙ «ኮሎኒያ ክላውዲያ አራ አግሪፒነንሲዩም» ነበር። ውሎ አድሮ ሌላው ረግፎ ማዕረጉ ብቻ ቀረ፤ ሰውየውን «ፊታውራሪ» ሲሉ ኖሮ ስሙን እንደ መርሳት።

የከተማው ሰው ግን ቃሉን ሲያገላብጠው ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1839 የተቋቋመው የእሳት መድን ድርጅት «ኮሎኒያ» ተባለ፤ በ1973 ያለቀው 147 ሜትር የመኖሪያ ፎቅም ይህንኑ ስም ይዟል። የከተማው የጎዳና በዓል የካርኒቫሉ «ኮሌ አላፍ!» ጩኸት እንኳ ውስጡ ኮሎኒያ አለ፤ «ኮሌ» በከተማው ሰው አነጋገር ያው ኮልን ነውና።

ዓለምን ያዳረሰው ሽቶው ነው። ጣሊያናዊው ጆቫኒ ማሪያ ፋሪና በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለቀመመው ሽቶ የሚኖርበትን ከተማ ስም ሰጠው። ቱርኮች «ኮሎንያ» ብለው 80 ዲግሪ አልኮል ያለውን በእንግዳ መዳፍ ላይ ያፈሳሉ። እኛ ዘንድ የወንድ ሽቶ ሁሉ ኮሎኝ ሆኗል፤ ይህ ስህተት ደግሞ ኪስ ይጎዳል። ጠርሙስ ላይ «ኦ ደ ኮሎኝ» (በፈረንሳይኛ «የኮሎኝ ውሃ») የሚለው ጾታን አይመለከትም፣ የሽቶውን ቅጥነት እንጂ፦ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 በመቶ የመዓዛ ዘይት፣ የቀረው አልኮልና ውሃ። «ፓርፋም» የተባለው ከ15 በመቶ በላይ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ዋጋ መግዛት ኪሳራ ነው። የኦ ደ ኮሎኝ ሽታ በሁለት ሰዓት ገደማ ቢጠፋም ወዲያው «ፎርጅድ ነው» አይባልም፤ ውስጡ ያሉት የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ ዘይቶች ቶሎ ይተናሉ።

«ኦ ደ ኮሎኝ» የሚለውን ማንም፣ የትም አገር ይለጥፈዋል። በሕግ የተጠበቀው «ኤክት ኮልኒሽ ቫሰር» (በጀርመንኛ «እውነተኛ የኮልን ውሃ») የሚለው ጽሑፍ ነው፤ እሱ ካለ ሽቶው እዚያው ከተማ የተሠራ መሆን አለበት። አንገት ላይ ረጭቶ ፀሐይ ላይ መዋል ግን የየትኛውም ቢሆን አይመከርም፦ ብርቱካን መሰል ከሆነው ፍሬ ከቤርጋሞት በሚገኘው ዘይት ውስጥ ያለው ቤርጋፕቴን የተባለ ንጥረ ነገር ካልተወገደ፣ ብርሃን ሲያርፍበት ቆዳን አቃጥሎ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ልብስ ላይ ይሻላል፤ ነጭ ካልሆነ።